የፓምፕ ክፍሉ ተራ ቁጥር ስድስት

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በበዓሉ ዕለት ለቤት እንስሶቻችን ስለተደረገው ጥበቃ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ሳሎንዎ ውስጥ ሶፋው ላይ የምትተኛው ነጭ ድመትዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ድመትዎ እንኳ ተስፋ ሳይሆን እርግጠኝነት አለኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ። እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ የሚበሉት የሚስማማዎ፣ ጆሮዎም ከማናቸውም ሁካታ የተጠበቀ ይሁን። በተለይ ጆሮዎን አደራ፤ እሑድ ያስፈልግዎታል።

ደብዳቤውን በየበሩ ሥር የማስገባው ክብርዎን ለመንካት ብዬ አይደለም። ከበዓሉ ወዲህ ለብቻዎ የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች በገቢ መዝገብ ላይ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ሰፍረው እዚያው መቅረታቸውን ስለተረዳሁ፣ አራተኛው ቢያንስ አንባቢ እንዲያገኝ ብዬ ነው።

ብዙዎቹ ጎረቤቶቼ የሚያውቁትን ለማያውቁት ልድገመው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር ሰባት ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ከልባቸው ስላልወጣም ውሻቸውን ፊሽካ ብለው ሰየሙት። ካቻምና ስትሮክ ሲያገኛቸው እግራቸው ቶሎ ተመለሰ፣ አንደበታቸው ግን ተያዘ። የንግግር ሕክምና የምትሰጣቸው ባለሙያ ብዙ ደክማ ደክማ አንድ ቀን ያስተዋለችው ነገር ቢኖር፣ አባቴ ሰው ፊት ቃል ሲጠፋባቸው አፍረው እንደሚያቋርጡ፣ ፊሽካ ፊት ግን እንደማያፍሩ ነው። “እንግዲያው ውሻውን ይዘዙት፤ እሱ አይታዘባቸውም” አለች። እንዲህ በማዘዝ በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ቃል ተመለሰላቸው። ፊሽካ፣ ና፣ ሂድ፣ ቁጭ በል፣ ተው፣ አምጣ፣ በቃ፣ ጎበዝ፤ የቀሩትም ከዚሁ ዓይነት ናቸው። ሴት ልጃቸው ብሆንም እኔንም ለምሳ የሚጠሩኝ “ና” ብለው ነው። አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ እየሮጥኩ ነው የምሄደው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ በጥበቃዎ ሥር ያስገቡት ውሻ ይህ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

1. ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መመሪያው አመሰግናለሁ። የሦስተኛ ፎቅዋ የጥርስ ሐኪምና እኔ፣ ማኅበሩ በግቢው ግብዣ ሊያደርግ ካሰበበት በዓል ሁለት ሳምንት በፊት ግማሽ ገጽ የማይሞላ ማመልከቻ አስገብተን ነበር። የጠየቅነው እንግዶች ሲገቡና ሲወጡ በር እንዲዘጉ፣ አጥንትና ጣፋጭ ለእንስሳ እንዳይወረውሩ፣ ግቢው ውስጥ ርችት እንዳይተኮስ፣ እያንዳንዳችንም እንስሳችንን በገዛ ቤታችን፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከውሃውና ከመኝታው ጋር ዘግተንበት እንድንመጣ ይህንኑ አስቀድመው እንዲያስታውቁልን ብቻ ነበር። እርስዎ ግማሽ ገጹን ወደ አሥራ አንድ አንቀጽ አሳደጉት፤ ሲያድግ ግን የጠየቅነው ነገር በሙሉ ከውስጡ ወጣ። በምትኩ አንቀጽ ሁለት፣ የሕንፃው እንስሳት ሁሉ በበዓሉ ዕለት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ተራ ቁጥር ይዘው ወደ ውሃ ፓምፑ ክፍል እንዲገቡ አዘዘ። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ የአመራሩ እንስሳት፣ አመራሩ በዝግጅቱ ስለሚጠመድ፣ በየቤታቸው እንዲቆዩ ፈቀደ። የአመራሩ እንስሳ አንድ ነች። ነጭ ነች። ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከውሃዋና ከመኝታዋ ጋር ዋለች። ማመልከቻችን በአንድ ቤት እንኳ በሥራ ላይ መዋሉን ሳስብ እጽናናለሁ።

2. ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ። ሁለት አልጋ የማያስገባው ያ ክፍል በዚያ ቀን ዘጠኝ ነፍስ አስተናግዷል፤ የሒሳብ መምህሩን ኤሊ፣ ሦስት ድመቶች፣ ሁለት ጥንቸሎች፣ የአራተኛ ፎቆቹን ባልና ሚስት በቀቀን፣ አንድ ቡችላ፣ እንዲሁም ፊሽካን። ኤሊው ተራ ቁጥር አንድ ነበር፤ መምህሩ ሰዓት አክባሪ ስለሆኑ በዋዜማው ምዝገባ ቀድመው ደረሱ። አንድ ኤሊ የአንድን ግብዣ ሥርዓት እንዴት ሊያውክ እንደሚችል እስከ ዛሬ እያሰብኩ ነው፤ በቀቀን ከሦስት ድመት ጋር መዝጋት ለማን ደኅንነት እንደሆነ ግን ማሰቡን ትቼዋለሁ። ፓምፑ ታንከሩ በጎደለ ቁጥር ራሱ የሚነሳ መሆኑንና ሰማንያ እንግዳ እጁን በሚታጠብበት ቀን ታንከሩ ደጋግሞ እንደሚጎድል ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ድምፁንም ያውቁታል፤ አምና “ከዚህ ጩኸት አጠገብ ሰው ሊሠራ አይችልም” ብለው ቢሮዎን በማኅበሩ ውሳኔ ወደ ሌላ ክፍል ያዛወሩት እርስዎ ነበሩ። የበቀቀኑ ነገር ለጊዜው መልካም ነው፤ ከሞት ተርፏል። ቀድሞ “እንደምን ዋላችሁ” ይል የነበረው አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደ ፓምፕ ያጓራል፣ ባልና ሚስቱም ታሪኩን ከመጀመሪያው ያስረዳሉ። ስምዎ በዚያ ቤት በየቀኑ ይነሳል።

3. ስለ አንገት ማሰሪያዎቹ አመሰግናለሁ። በአንቀጽ አራት መሠረት እንስሶቹ “እንዳይታነቁ” ሲባል ማሰሪያቸው በበሩ ላይ ተፈቶ፣ ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ታሽጎ፣ ቢሮዎ ካለው የብረት ቁም ሣጥን ገባ፤ ቁልፉም ኪስዎ ገባ። የፊሽካ ማሰሪያ ላይ ስልክ ቁጥሬ በጉልህ ተጽፎ ነበር። ይህንን ለሚረከበው ሰው ተናግሬ ነበር። “ቁጥር እኮ ሰጥተነዋል፣ ስድስት ነው” ተባልኩ።

4. በሩን ስለከፈቱት አመሰግናለሁ። አሥር ሰዓት ላይ የክብር እንግዳችንን፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ፣ “በየትኛውም ሕንፃ የማያገኙትን አሠራር ላሳይዎት” ብለው ይዘዋቸው ወረዱ። በሩን ሲከፍቱና ፓምፑ ሲነሳ አንድ ሆነ። ፊሽካ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ሁለት ጊዜ ያርፋል፤ ያን ዕለት ግን በእርስዎና በክብር እንግዳው መካከል እንደ ጥይት አለፈ። የሙዚቀኞቹ ዕቃ የሚገባበት የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ በዚያው ወጣ። ጩኸት ሰምቼ ስወርድ እርስዎ እንግዳውን ይዘው ፊትዎን ሳያዞሩ በእጅዎ ወደ ፊት ለፊት አመለከቱኝና “ወደ መናፈሻው ነው የሮጠው” አሉኝ፤ አራት ቀን ሙሉ መናፈሻውን አንድ በአንድ አሰስኩት። አሁን ዛፎቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። ድምፅ ማጉያውን ይዘው “የተከበራችሁ እንግዶች፣ ትንሽ ነገር ናት፣ አትረበሹ፤ ሙዚቃው ይቀጥል” ማለትዎን ሁላችንም ሰምተናል። ደረጃው ላይ ለብቻዬ የነገሩኝን ግን ሌላ ሰው ስላልሰማ እዚህ ላስፍረው፦ “ውሻ አይደል እንዴ! ሲርበው ይመለሳል።”

5. ስለ ማኅተሙ። በማግስቱ ማለዳ የፊሽካን ፎቶ የያዘ ማስታወቂያ በበሩና በአጥሩ ላይ ለጠፍኩ። ማኅተም የሌለው ወረቀት በማኅበሩ ንብረት ላይ አይለጠፍምና ረፋዱ ላይ ተነሳ። ማኅተሙ ቦርሳዎ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዎም ከእርስዎ ጋር፣ እርስዎም ከቁም ሣጥኑ ቁልፍ ጋር፣ የበዓሉን ድካም ለማሳረፍ ለአሥር ቀን የባለቤትዎ ወላጆች ዘንድ ነበሩ። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም። ደጋግሜ በመደወሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስድስተኛውን ከመጻፌ በፊት እነዚያ ቀናት ቤት ቁጥር ሰባት ውስጥ እንዴት እንዳለፉ ልንገርዎ፤ ሲመለሱ አልጠየቁኝምና።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ በረንዳው ላይ ቆመው “ፊሽካ፣ ና” ሲሉ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ስሙ ጠፋባቸውና “ና” ብቻ ቀረ። መንገደኞች የተጠሩ እየመሰላቸው ቀና እያሉ ያዩአቸው ነበር፤ አንድ ሰውዬ እንዲያውም “አቤት አባቴ” ብሎ ቆመላቸው። በአምስተኛው ቀን አፋቸውን ከፈቱና ምንም ሳይወጣቸው መልሰው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አልሞከሩም። ባለሙያዋ መጥታ አሥራ አራቱን ቃል ተራ በተራ ጠየቀቻቸው፣ ሁሉንም ዝም አሏት። ስትወጣ ደረጃው ላይ “የሚያዙት ከሌለ ለማን ብለው ይናገሩ?” አለችኝ። ምግብም እየተዉ ሄዱ፤ ሱሪያቸው ከወገባቸው ይወርድ ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን ያንን ሱሪ ለማስጠበብ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ወዳለችው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው ከስፌት መኪናዋ ሥር አንድ አፍንጫ ብቅ አለና የሱሪውን ጫፍ አሸተተ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ፊሽካ እኔን ገና ሳያየኝ የአባቴን ሱሪ አወቀ። የፊት እግሩ ተጎድቶ በጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ አበባ ያለበት ነው፣ ከልጃገረድ ቀሚስ የተረፈ። ልብስ ሰፊዋ በበዓሉ ዕለት ተደብቆ ያገኘችው እዚያው ደጃፏ ላይ ነው። “ባለቤት ያለው መሆኑን ከአንገቱ ነው ያወቅሁት፤ ማሰሪያ የኖረበት ፀጉሩ ዙሪያውን ተኝቷል። ቁጥር ቢኖረው በዚያችው ደቂቃ እደውል ነበር” አለችኝ። እኔም ቁጥር እንዳለው፣ ስድስት እንደሆነ ነገርኳት። አልሳቀችም።

ከዚያ የነገረችኝ ነው ይህንን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

6. ስለ መዝገቡ አመሰግናለሁ። ልብስ ሰፊዋ በሦስተኛው ቀን ግብዣ የነበረባቸውን ግቢዎች እየዞረች ስትጠይቅ የእኛ በር ላይ ደርሳ ነበር። አባቴ በዚያች ሰዓት ፎቅ ላይ “ና” እያሉ ነበር። የበር ጥበቃችን ደግ ሰው ናቸው፤ በበዓሉ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለተረኛው አስረክበው ዕረፍት ወጥተው የተመለሱት በዚያው ጠዋት ነበርና የፊሽካን መጥፋት አልሰሙም፤ የተሰጣቸውን መዝገብ አውጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡላት፦ “ዘጠኝ ገባ፣ ዘጠኝ ወጣ፤ ይኸው ፊርማው። ከእኛ ሕንፃ የጠፋ ውሻ የለም፣ እህቴ። ሌላ ጋ ጠይቂ።” እሷም አመስግና ሄደች። መዝገቡን እኔም አይቼዋለሁ። “ተመልሷል” በሚለው ዓምድ ሥር፣ በተራ ቁጥር ስድስት ትይዩ፣ ፊሽካ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሰላም ለባለቤቱ መመለሱ በእጅ ጽሑፍዎ ሰፍሯል፤ በባለቤቱ ፈንታም እርስዎ ፈርመዋል። ጥበቃው እንደነገሩኝ መዝገቡን ከቁልፉ ጋር የሰጧቸው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ገና አንድ እንስሳ እንኳ ወደ ክፍሉ ሳይገባ። “በኋላ ግብዣው ላይ ስለምሆን ቀድሜ ሞልቼልዎታለሁ” ብለዋቸዋል። ሌላው ሰው ሥራውን ለነገ ሲያሳድር እርስዎ ያልሆነውን ሁሉ አስቀድመው ይጨርሳሉ። በዚህ ትጋትዎ ምክንያት ፊሽካ በሦስተኛው ቀን ሊገባ ሲችል በዘጠነኛው ቀን ገባ። በሁለቱ ቀናት መካከል አባቴ መናገር አቆሙ። ይህ ነው ክሴ፤ ከላይ ያሉት ሁሉ መንደርደሪያ ናቸው።

7. የፊሽካን ማሰሪያ ለመረከብ ከእረፍትዎ እስኪመለሱ ጠብቄ ቢሮዎ ስመጣ የውሻው ባለቤት ስለመሆኔ ማስረጃ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። አጠገቤ ቆሞ ነበር። በአበባ ጨርቁ ታስሮ።

ውሻው በመመለሱ “እንኳን ደስ አላችሁ፣ ነገሩም ተዘጋ” የሚል ወረቀት በበሬ ሥር ስላስገቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ማኅተም አለበት። ነገሩ አልተዘጋም። ፊሽካ ሲገባ አባቴ ሁለት እጃቸውን አንገቱ ላይ አድርገው “በቃ” አሉት፤ “በቃ፣ በቃ። ጎበዝ።” እኔም ማድቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ፤ ፓምፑም ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ከአሥራ አራቱ ቃላት ዘጠኙ ተመልሰዋል። አምስቱ እስከ ዛሬ የሉም። እነዚያንም “ተመልሷል” ብለው በእኛ ፈንታ ሊፈርሙልን ይችሉ እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እሑድ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ከሃያ አራቱ ቤቶች አሥራ ዘጠኙ የፈረሙባቸው ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ይቀርባሉ፤ ፊርማዎቹ ባለቤቶቹ ራሳቸው የፈረሟቸው ስለሆኑ እንደ እርስዎ ጽሑፍ ባለማማራቸው ሊያዝኑ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ከሰብሳቢነት እንዲነሱ የሚጠይቅ ነው። በሁለተኛው አልተስማማሁም ብል እዋሻለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉባኤው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት መመሪያዎ በመመሪያዎ ባለቤት ላይ ለግማሽ ሰዓት ተፈጻሚ ይሆናል። በበሩ ላይ ስልክዎን፣ ሰዓትዎን፣ መታወቂያዎንና ማኅተሙን ያስረክባሉ፤ እንዳይታነቁ ነው። ታሽገው ቁም ሣጥን ይገባሉ፣ ቁልፉን ጥበቃው ይይዛሉ። ተራ ቁጥርዎ ስድስት ነው። ውሃና ምንጣፍ ተዘጋጅቷል፤ የሒሳብ መምህሩም ኤሊያቸው አብሮዎት ይቆይ ዘንድ በደስታ ፈቅደዋል፣ ቦታውን ስለሚያውቅ ሊያስጎበኝዎ ይችላል። ፓምፑ እንዳያሳፍረን የአራተኛ ፎቅ ነዋሪዎች በሙሉ በዚያች ግማሽ ሰዓት ልብስ ሊያጥቡ ተስማምተዋል። “ተመልሷል” የሚለው ዓምድ እንዳያደክመን ከወዲሁ ተሞልቷል፤ ስለዚህ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወጡ የሚጨነቅ ሰው አይኖርም። እምቢ ማለት ይችላሉ። እምቢታዎም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ከመዝገቡ ገጽ ቅጂ ጋር ለቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ይላካል፤ ጥበቃውም የሚያውቁትን ተነስተው ሊናገሩ ቃል ገብተዋል። የትኛው እንደሚሻልዎ አላውቅም። ሁለቱም አንጀቴን ያርሱታል።

በሚቀጥለው በዓል ፊሽካ የት እንደሚውል ካሰቡ፣ በውስጠኛው ክፍል፣ በሩ ተቆልፎ፣ ሬዲዮው ዝቅ ብሎ ተከፍቶለት፣ ማሰሪያው በአንገቱ ላይ ሆኖ ይውላል። አንቀጽ አላስፈለገውም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሰጡን ሁሉ የሚገባዎት ሳይጓደል በእጅዎ እንዲገባ የበኩሌን ያለመታከት እንደምሠራ በማረጋገጥ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሁለተኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር ሰባት ነዋሪ
የባቡር ነጂው ልጅ
(ፊርማው የራሴ ነው)

ግልባጭ፦
ለክብር እንግዳው፤ ያን ዕለት በአጠገባቸው ያለፈው ምን እንደነበረ ያውቁ ዘንድ
ለባለቤትዎ ወላጆች፤ ስልክ የማይነሳው ለምን እንደነበረ ይረዱ ዘንድ
ለነጭ ድመትዎ፤ በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት በመኖሪያ ቤቷ
ለገቢ መዝገብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እሑድ አባቴም ይመጣሉ፤ ከፊሽካ ጋር የፊተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ይዤላቸዋለሁ። ከተመለሱት ዘጠኝ ቃላት አንዱን ከወትሮው አብልጠው እየተለማመዱት ነው፤ ደረጃ ላይ የእርስዎን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ጣታቸውን አንስተው ይሉታል። ሪፖርትዎን ሊያቀርቡ ሲቆሙ “ቁጭ በል” ቢሉዎት እባክዎ እንደ ስድብ አይቁጠሩባቸው፤ ሕመሙ ሌላ አነጋገር አላስቀረላቸውም። ፊሽካ በመጀመሪያው ትእዛዝ ቁጭ ይላል። ለእርስዎ ስንት ጊዜ መደገም እንዳለበት እሑድ አብረን እናያለን።